የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የፌሮ መፈተሻ ማሽን ስንገዛ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የግንባታ ዕቃ ቤተ ሙከራ ልንከፍት ነው። በኮምፒውተር የሚሠራ የፌሮ መሳቢያ ማሽን ባለ 300፣ ባለ 600 እና ባለ 1000 ኪሎ ኒውተን (የመሳቢያው ኃይል መለኪያ) ቀርቦልናል። የትኛው ይበቃናል?

መልስ፦ የሚመጣልዎትን ወፍራሙንም ቀጭኑንም ፌሮ ያስሉ። ባለ 32 ሚሊ ሜትር ፌሮ ሲቆረጥ የሚታየው የፊቱ ስፋት 804 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ብረቱ በ650 ሜጋ ፓስካል (በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 650 ኒውተን) ቢበጠስ 523 ኪሎ ኒውተን ይፈልጋል። ባለ 600ው ይበጥሰዋል፣ ግን ሁልጊዜ በአቅሙ ጫፍ መሥራት ፌሮውን የሚነክሰውን መንጋጋና ፓምፑን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ባለ 32 ከመጣ ባለ 1000 ይግዙ፤ ከባለ 20 የማያልፉ ከሆነ 204 ኪሎ ኒውተን ገደማ ስለሚበቃ ባለ 300ው ይሆናል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ቀጭኑን ነው። ባለ 8 በ33 ኪሎ ኒውተን ይበጠሳል፤ ይህ ለባለ 1000 ማሽን ከአቅሙ 3 በመቶ ብቻ ነው። የካሊብሬሽን (የልኬት ትክክለኛነት ማረጋገጫ) ወረቀቱ ከ200 ኪሎ ኒውተን ጀምሮ ብቻ የተረጋገጠ ከሆነ የባለ 8 ውጤትዎ ዋስትና የለውም። ስክሪኑ ቁጥሩን እስከ ነጥብ ሁለት ቤት ቢያሳይም እንኳ! ስለዚህ ውል ሳይፈርሙ “ከስንት ጀምሮ ነው ስህተቱ ከ1 በመቶ የማይበልጠው?” ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ።

ጥያቄ፦ በዚያው ማሽን የኮንክሪት ኪዩብ (ለፍተሻ የተሠራ ጎኖቹ እኩል የሆኑ የኮንክሪት ናሙና) መጭመቅስ?

መልስ፦ አልመክርም። የ15 ሳንቲ ሜትር ኪዩብ በ30 ሜጋ ፓስካል 675፣ በ50 ደግሞ 1125 ኪሎ ኒውተን ይጠይቃል። ባለ 2000 መጭመቂያ ለብቻው ይግዙ። ጭነቱን በሰከንድ 13.5 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ራሱ ጠብቆ የሚጨምር ይሁን፤ ቸኩሎ የተጫነ ኪዩብ ከእውነተኛ ጥንካሬው በላይ ያሳያል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ፌሮው ከመንጋጋው እየተንሸራተተ ግራፉ ይዘላል።

መልስ፦ ከፌሮው የሚረግፈው ቅርፊት የመንጋጋውን ጥርስ ሞልቶታል። ከእያንዳንዱ ፍተሻ በኋላ በሽቦ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ለዚያ ውፍረት የተሠራውን መንጋጋም ይጠቀሙ። ፌሮው ቢያንስ የመንጋጋውን ሦስት አራተኛ ርዝመት ይሙላ። ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ የመንጋጋውን ጉዞ እንደ ብረቱ መለጠጥ ይቆጥረዋል፤ መለጠጡን በትክክል የሚለካው ፌሮው ላይ የሚታሠረው ኤክስቴንሶሜትር ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ብርዱ ማሽኑን ይጎዳዋል?

መልስ፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ዘይቱ ይወፍራል፣ ጭነቱም ይንገጫገጫል። ጠዋት ሳይጭኑ 20 ደቂቃ ያንቀሳቅሱት። ከፍታው ግን የበለጠ ያሳስበኛል፦ ሞተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ታስበው ሲሆን ደብረ ብርሃን ከ2,700 በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በቅጡ አይቀዘቅዝም፤ ሲያዝዙ ከፍታውን ለአቅራቢው ይጻፉለት።