ከጠርሙሱ በተጨማሪ መረብ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከደሴና ከጨፋ የመጣችሁ እንግዶች፣ ስብሰባችንን በምርቃት የከፈታችሁልን አባቶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የኮምቦልቻን ሙቀት ስለማውቅ ንግግሬን አላስረዝምም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ በመጪው ዓመት የቦርከና ወንዝን ውሃ መቅዳታችን ሳይቀር ዓሣውንም እንቁጠር።

እስካሁን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ወንዝ ወርደን፣ ጠርሙስ ሞልተን ለላቦራቶሪ እንሰጥ ነበር። ውጤቱ ደህና ሲሆን ደስ ብሎን እንገባለን። ወንዝ ዳር የሚያድሩት አትክልተኞቻችን ግን ውሃው ቀለም ይዞ የሚወርደው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነው ይሉናል። ጠርሙስ የሚያውቀው የተቀዳበትን ሰዓት ብቻ ነው። ዓሣ እዚያው ይውላል፣ እዚያው ያድራል፤ ሌሊት የመጣውም ቀን የመጣውም በስንጥቡ ያልፋል።

ከፍታችንንም አስቡት። 25 ዲግሪ የሞቀ ንጹሕ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይቀንሳል። ብዙ ዓሦች ደግሞ ኦክስጅኑ ከ5 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ይጨነቃሉ። ወንዛችን ገና ምንም ሳይጣልበት ትርፉ ጥቂት ነው ማለት ነው። የቄራ እጣቢና የሽንት ቤት ፍሳሽ ሲገባበት፣ ያንን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የቀረችውን ኦክስጅን ይሻሟታል።

ባለፈው ግንቦት ከድልድዩ በታች አንድ ልጅ ክንዱን የሚያህል አምባዛ ይዞ፣ «ጋሼ፣ ወንዙ ዳነ!» አለኝ። እኔም ለአፍታ አመንኩት። ቆሜ ስመለከት ግን በኩሬው ውስጥ ያሉት አምባዛዎች በየተራ ብቅ እያሉ አየር ይጎርሳሉ። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ሌላው በሚያልቅበት ውሃ እርሱ ይከርማል። ድንጋይ ገለበጥኩ፤ ሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ነው፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከታችኛው ከንፈሯ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ የምትለጠፈው፣ ጋራ የምትባለው ትንሿ ዓሣ፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ ምን ያደርግላታል? በጠጠር መካከል እንቁላላቸውን የሚጥሉት ባርበስ የሚባሉት የዓሣ ወገኖችስ? ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ስንት ኪሎ ተያዘ ብለን ብቻ አንጠይቅ። ስንት ዓይነት፣ ከየዓይነቱስ ስንት ጫጩት ተገኘ ብለን እንመዝግብ።

ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካ ላይ የምንጭን ከሆነ ግን ራሳችንን እናታልላለን። መኪና የሚታጠበው ወንዙ ውስጥ ነው። በበጋ በፓምፕ ስቦ የሚያደርቀውም አለ፤ ውሃው ሲያንስ ያው ፍሳሽ ይወፍራል። እኔ ራሴ በልጅነቴ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጬ ውሃው ላይ በትኛለሁ። ብርብራ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ነው የሚያሰክረው፤ ያን ቀን የለቀምነው ግማሹ ለመጥበሻም የሚበቃ አልነበረም።

ከሌላ ቦታ ዓሣ አምጥተን እንጨምር የምትሉም አላችሁ። ከደሴ በስተ ሰሜን ወዳለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የገባው በ1970ዎቹ መባቻ ነው፤ ስንቱን ቤተሰብ አብልቷል። ሆኖም ሰው ያመጣው ዓሣ ስለ ወንዙ ጤና አይመሰክርልንም፤ የምንፈልገው ምስክር አገሬው ዓሣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከከተማው በላይ፣ ከተማው ውስጥና ወደ ጨፋ መውረጃው ላይ፣ ቀዳዳው እኩል የሆነ መረብ ለእኩል ሰዓት እንጥላለን። በግንቦት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በጥቅምት አንድ ጊዜ። ቆጥረን፣ ለክተን፣ እንለቃለን። በዚያው ዕለት ጠርሙሱም ይሞላል፤ ዓሣ ሲጠፋ መጥፋቱን መረቡ ቢነግረንም በምን እንደጠፋ አይነግረንምና። ፈቃዱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኮሚቴው ያወጣል።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብለው በጆሮዬ ያንሾካሾኩ ሽማግሌ እዚህ ተቀምጠዋል። አባቴ፣ ዘንዶው ካለ ይውጣ። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከል ከከለከለ ስንት ዘመኑ ነው፤ እኛ ያጣነው ለክስ የሚበቃ መዝገብ ነው።

አሁን መድረኩን ለገንዘብ ያዣችን እለቃለሁ። የመጀመሪያው አጀንዳ የመረቡ ዋጋ ነው፤ ተወደደ የምትሉ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ።