«እስከ መቼ?» ብሎ መጸለይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

«እግዚአብሔር ይመስገን» አላችሁ። እኔም እንደዚያው ነው የምለው። ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ግን ይህ ቃል ከአፍ እየወጣ ከልብ አልወጣ ስለሚልበት ጊዜ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜ ታመመ። ሰባት ወር ተኛ። ሐኪም ቤት አስተኛነው፣ ጸበል ወሰድነው፣ ተሳልንለት፣ ያልረገጥነው ደጅ የለም። በእነዚያ ወራት እናቴ ዳዊቷን አንድ ቀን አላስታጎለችም። ዓይኗ ስለደከመ የማነብላት እኔ ነበርሁ፤ እውነቱን ለመናገር የሚያነበው ከንፈሬ ብቻ ነበር፣ ልቤ ከተዘጋ ቆይቷል።

አንድ ሐሙስ ማታ መዝሙር 87 ላይ ደረስን። «በቀንና በሌሊት በፊትህ ጮኽሁ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ እየጨለመ ይሄዳል። ነፍሴ መከራ ጠገበች ይላል፣ ለምን ፊትህን ትሰውርብኛለህ ይላል። ሌላው መዝሙር ሲጨነቅ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ቦግ ይላል አይደል? ይሄኛው አይልም፤ ወዳጅ ዘመዴን አራቅህብኝ ብሎ እዚያው ያቆማል። ለእናቴ ከበዳት ብዬ ልዘለው ስል ሰምታኝ ኖሮ፣ «አንቺ፣ የት ትሄጃለሽ? ይሄ እኮ የኛው ነው። መልሰሽ አንብቢልኝ» አለችኝ። መልሼ አነበብሁ። ያን ማታ ነው ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስሁት።

ወንድሜ አልዳነም።

ለቅሶ ላይ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። «በቃ፣ አታልቅሺ፣ እግዜር ይቆጣል።» «ምን ጎደለብሽና?» ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የሚለው ጠፍቶት ነው። እኔም ለስንቱ ብያለሁ፤ ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁም ትኖራላችሁ፣ ይቅር በሉኝ። ግን አስቡት፦ ያለቀሰ እግዜርን የሚያስቆጣ ቢሆን ዳዊትን ምን ልናደርገው ነው? ከመቶ ሃምሳው መዝሙር ከሲሶው በላይ ሰቆቃና አቤቱታ ነው። መዝሙር 12ን ውሰዱ። አጭር ናት፣ እዚያች ውስጥ ግን አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ቤተ ክርስቲያን ይህን ቆርጣ አላወጣችም። አባቶቻችን በየኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥረው ንባብ የተማሩት በዚሁ መጽሐፍ ነው፤ ልጁ ዳዊት ሲጨርስ ቤተሰቡ ይደግስለት ነበር። እንግዲህ ሕፃኑ ገና ክፉ ደጉን ሳያይ «ለምን ተውኸኝ» የሚለውን ቃል በአፉ ይዞ ያድጋል ማለት ነው። እንደሚያስፈልገው ያውቁ ነበር።

ወንድሜ ካረፈ በኋላ የጎንደሯ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እየሄድሁ እቀመጥ ነበር። ጣራው ላይ ያሉትን መላእክት ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ ፊት ብቻ፣ ዓይን ብቻ፣ የትም ብትቀመጡ ቁልቁል የሚያዩ። ያኔ ያን ያህል ዓይን ተደርድሮ እኔን የሚያየኝ አንድም የለም ብዬ ነበር። ሌላም ሐሳብ መጣብኝ። ከሱዳን የመጣው የደርቡሽ ጦር በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይቺ ተረፈች፣ ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው ነው። የተቃጠሉትስ? እዚያስ ዳዊት አይደገምም ነበር? እዚያስ የሚያለቅሱ እናቶች አልነበሩም? ለምን እዚህ ንብ መጣ፣ እዚያ አልመጣም?

መልሱን አላገኘሁም። ዛሬም የለኝም፣ አግኝቻለሁ ብዬም አልዋሻችሁም።

ግን አንድ ቀን ዓይኔን ከጣራው አውርጄ ከመቅደሱ በላይ ያለውን ሥዕለ ስቅለት አየሁ። አይቼው የማላውቅ ይመስል ደነገጥሁ። ስቅለት ዕለት እየሰገድን የምንሰማው «ኤሎሄ ኤሎሄ ላማ ሰበቅታኒ»፣ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ» ማለት ነው፣ ከየት የመጣ ነው? ከዳዊት ነው፣ ከመዝሙር 21። ጌታ ራሱ መስቀል ላይ ሆኖ የጸለየው ያንን እኔ ኃጢአት ነው ብዬ የፈራሁትን ጥያቄ ነው። «አምላኬ» ብሎ ነው ደግሞ የጠየቀው። የተጣላ ሰው «የኔ» አይልም። እኔ ጸሎት ያቆምሁ መስሎኝ ሰባት ወር ሙሉ «ለምን?» ስል የነበረው ለማን ኖሯል? ለእሱ ነው። ለካ አልሄድሁም ነበር።

መዝሙረኛው አሳፍም እንዲሁ ነው፣ መዝሙር 72 ላይ። ክፉዎች ሲደላቸው አይቶ ቀና፣ እግሩ ሊሰናከል ትንሽ ቀረው። ይህንን ሳይደብቅ ጻፈው፣ እኛም ይኸው እናዜመዋለን።

ሰሞኑን በዚህ ከተማ ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። አብራችሁኝ ከተቀመጣችሁት ውስጥ ማን ምን ይዞ እንደመጣ አላውቅም። የሐዘን ቤት ስትሄዱ እባካችሁ «ተመስገን በይ» ብላችሁ አታጣድፉ። ዝም ብላችሁ አጠገቧ ተቀመጡ። እሷ «ለምን» ካለች ትበል። ማንበብ ካልቻለች አንብቡላት፣ የከበደውንም አትዝለሉባት።

አሁን ከመለያየታችን በፊት፣ የቻላችሁ ብድግ በሉ። መዝሙር 12ን አብረን እናንብብ። ድምፁ የተያዘበት ዝም ይበል፣ አጠገቡ ያለው ያንብብለት። እኔ ልጀምር፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ…»