ባህር ዳር ላይ ትራንስፎርመሩ ሶል ይላል (የፖድካስት ውይይት)

ትርንጎ፦ እሽ ጤና ይስጥልን፣ ከባህር ዳር ነን እኔና ይበልጣል። ዛሬ የምናወራው በሲንተሳይዘር፣ ማለት በኤሌክትሪክ ድምፅ በሚፈጥር መሳሪያ፣ በሉፕ፣ ማለት እየዞረ በሚደጋገም ቁራጭ ድምፅ፣ እና ከመንገድ ላይ በተቀዳ ድምፅ ስለሚሰራ ሙዚቃ ነው። መልእክት ከሚልኩልን አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፣ በምን ልጀምር፣ ምን ልግዛ እያሉ። አንተ ምን ትላለህ?

ይበልጣል፦ ምንም አትግዙ ነው የምለው። መጀመሪያ ወጥታችሁ ትራንስፎርመር አጠገብ ቁሙ።

ትርንጎ፦ ፖሉ ላይ ያለው?

ይበልጣል፦ እሱ አዎ። እምምም እያለ ሲያጉረመርም ሰምተሽው የለ? እኛ ሀገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ 50 ኸርዝ፣ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር 100 ኸርዝ ላይ ይጮሃል። ኪቦርድ ላይ ፈልጊው፣ ታች ያለው ሶል 98 ኸርዝ ነው፣ ስለዚህ ትራንስፎርመሩ ሶል ነው ማለት ነው፣ ትንሽ ከፍ ያለ ሶል። መስመሩ አንድ ስለሆነ ደብረ ማርቆስም ሂጂ ሞጣም ሂጂ ያው ነው። እና ሙዚቃ ልስራ የሚል ልጅ ሲንቱን፣ ሲንተሳይዘሩን ማለቴ ነው፣ ከዚህ ጋር ይቃኘው፣ ከላዩ ላይ የፈለገውን ያምጣ፣ መሰረቱን ሀገሩ ሰጥቶታል።

ትርንጎ፦ ድምፁን ወደ ሲንቱ ሳይሆን ሲንቱን ወደ ድምፁ ነው የምታመጣው። እኔ እዚች ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው ብየ ነው የማምነው። አሁን ልጆቹ ሲሰሩ የምሰማው ምንድነው፣ ዋሽንት ወይ ማሲንቆ ይቀዳሉ፣ ጎበዞች ናቸው በደንብ ነው የሚቀዱት፣ ከዛ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለው የሙዚቃ መስሪያ ፕሮግራም ውስጥ ከትተው 120 ቢፒኤም ላይ፣ በደቂቃ 120 ምት ማለት ነው፣ በአራት በአራት ይቆራርጡታል፣ ኳንታይዝ ያደርጉታል፣ እያንዳንዱን ድምፅ ልክ ምቱ ላይ ያስቀምጡታል፣ ከስሩ የሀውስ ዳንስ ሙዚቃ ኪክ ከበሮ ይገባል በቃ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ትንፋሹን ሲሰበስብ ያቆያት ነገር፣ ግጥሙን እስኪያስብ ያጓተታት፣ እሷ ናት ተቆርጣ የምትወድቀው። እሷ ከወጣች ምን ቀረ?

ይበልጣል፦ የሉፕን ታሪክ ካየሽው መጀመሪያም ርዝመቱን የሚወስነው ማሽኑ ነበር። ፒየር ሼፈር የሚባል ፈረንሳዊ አለ፣ እ.ኤ.አ. 1948 ፓሪስ ሬዲዮ ውስጥ የባቡር ድምፅ ቀድቶ ሙዚቃ የሰራ፣ ቴፕ እጁ ስላልገባ በሸክላ ነበር የሚሰራው፣ የሸክላውን መስመር ዘግቶ መርፌው እዛው እንዲዞር ያደርገዋል። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንድ ዙሩ አንድ ሰከንድ አይሞላም፣ ስለዚህ ወደደም ጠላም ሉፑ ያችው ናት። ዛሬ ግን ማንም የሚያስገድደን የለም፣ ስልክ ላይ ያለ አፕ እንኳ የፈለግሽውን ርዝመት ይይዛል።

ትርንጎ፦ ከሼፈር በፊት ግን ግብፃዊው አለ እኮ፣ ሁሌ ይረሳል።

ይበልጣል፦ ሀሊም ኤል ዳብህ!

ትርንጎ፦ እሱን ለብቻው አንድ ክፍል ብንሰጠው ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. 1944 ካይሮ ላይ፣ ከሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ የሚቀዳ መሳሪያ ይዞ ሂዶ የሴቶች የዛር ስርዓት ይቀዳል፣ ዛር፣ እኛም የምናውቀው ዛር። ከዛ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን ኤኮ እየጨመረ፣ መነሻውን ድምፅ እየቀነሰ የሚርገበገበውን ብቻ እያስቀረ ሌላ ነገር አደረገው። ከሼፈር አራት ዓመት ይቀድማል። በጣም የሚገርመኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ክራሩን ማሲንቆውን ዋሽንቱን በገናውን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበ። ስለዚህ ይሄ ነገር ከፈረንጅ የመጣ ነው ሲሉኝ አልቀበልም፣ የዛር ድምፅና ካይሮ አለበት፣ ኋላም የራሳችን መሳሪያ።

ይበልጣል፦ የኛዎቹም አሉ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አሜሪካ ቁጭ ብሎ ሲቀዳ ማን አዘዘው? ከዛ ወዲህ ደግሞ እነ ሚካኤል ሰይፉ፣ እነ እንደገና ሙሉ፣ ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ ብለው በዓለም ያስደመጡት።

ትርንጎ፦ እሽ ወደ ስራው እንግባ። ጢስ ዓባይን ንገራቸው።

ይበልጣል፦ ጢስ ዓባይ ማለት ለኔ ትልቁ ኖይዝ ጀነሬተር ነው። ሲንት ላይ ነጭ ኖይዝ የሚባል ነገር አለ አይደል፣ ሁሉም ፍሪኩዌንሲ አንድ ላይ የሚጮህበት፣ ፏፏቴም ለዛ የቀረበ ነው፣ ከ40 ሜትር ገደማ የሚወድቅ ውሃ ከታች እስከ ላይ ሁሉንም ድምፅ አዝሎ ነው የሚመጣው። ሁሉም በውስጡ ካለ ደግሞ የምትፈልጊውን ብቻ ማስቀረት ትችያለሽ። ስሙ ባንድ ፓስ ፊልተር ነው፣ አምስት ከፍተሽ አንዱን 262 ኸርዝ ላይ፣ ሌሎቹን 294፣ 330፣ 392፣ 440 ላይ ታደርጊና ሬዞናንሱን፣ የተመረጠውን ድምፅ የሚያጎላውን፣ ከፍ፣ ውሃው ትዝታ ይዘፍናል። ቀልድ አይደለም፣ ትዝታ ሜጀር ነው፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ። ከዛ አምስቱን አንድ በአንድ እየከፈትሽ እየዘጋሽ ነው የምትጫወችው፣ አንድም ኖታ ሳትነኪ።

ትርንጎ፦ ቁጥሮቹ ግን የፒያኖ ናቸው። ክራር የሚመታ ሰው አግኝታችሁ እሱ በጆሮው ከቃኘው ላይ ፍሪኩዌንሲውን ለክታችሁ ብትወስዱ ይሻላል፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያች ልዩነት ናት ትዝታን ትዝታ የምታደርገው።

ይበልጣል፦ ልክ ነሽ። ድምፅ ማስተካከያው ኦዳሲቲም ኮምፒውተር ላይ የሚሰራው ሲንት ቪሲቪ ራክም በነፃ ነው የሚገኘው፣ ላፕቶፕ ያለው ሰው ዛሬ ማታ ሊሞክረው ይችላል።

ትርንጎ፦ እኔ ደግሞ ስለ ሉፕ ርዝመት ልናገር። ሽማኔው ጋ ሂዳችሁ መወርወሪያው ሂዶ እስኪመለስና ማበጠሪያው እስኪመታ ያለውን ቅዱ፣ 7 ሰከንድ ከሆነ 7 ሰከንድ ይሁን። ወፍጮ ቤት የእህሉ አወራረድ 11 ሰከንድ ላይ ዞሮ ከመጣ እሱም 11 ይሁን፣ አንዱን በአንዱ ልክ አትቁረጡት። ሁለቱን አንድ ላይ ልቀቁት፣ እኩል ጀምረው እንደገና እኩል የሚነሱት 77ኛው ሰከንድ ላይ ነው። ሶስተኛ የ13 ሰከንድ ሉፕ ስትጨምሩ ከ16 ደቂቃ በላይ አይደገምም! እና ምንም ሳትሰሩ ሙዚቃው በየደቂቃው ሌላ ነው፣ ግን የሰዎቹ የስራ ልክ አልተነካም፣ የሽማኔው እግር ባለበት ፍጥነት ነው ያለው።

ይበልጣል፦ በገናን ሳትነኪ ልታልፊ ነው?

ትርንጎ፦ እንዴት አልፈዋለሁ። በገና አስር አውታር ነው፣ አውታሩና አውታሩ የሚያርፍበት በርኩማው መሃል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፣ እንዚራ፣ ዝዝዝ የሚለው ከሷ ነው። የሲንት ሰዎች ዲስቶርሽን ብለው፣ ድምፅ ማሻከሪያ ማለት ነው፣ ፕለጊን የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም የሚገዙበት ነገር አባቶች በአንዲት ቁራጭ ቆዳ ጨርሰውታል፣ ቆዳዋን ትንሽ ከፍ ዝቅ ስታደርጋት ዝማሬዋ ይለወጣል፣ ፊልተር ማዞር ማለት ነው። ስለዚህ የበገናን ድምፅ ኖይዝ ሪዳክሽን፣ ጫጫታ የሚያጠፋው ውስጥ፣ አታስገቡት፣ ዝዝታው ቆሻሻ አይደለም።

ይበልጣል፦ በገና ካነሳን አንድ የማንስማማበት ነገር አለ። የቤተክርስቲያን ድምፅ። እኔ ከሩቅ በንጋት የሚሰማ ደወል ከወፎች ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ አየር ላይ ያለ ድምፅ ነው፣ የሁላችን ነው እላለሁ።

ትርንጎ፦ ደወሉን እሽ። ማኅሌትን ግን አይሆንም። እዚህ እነ ዋሸራን የመሰሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሉበት ሀገር፣ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተማረውን ዜማ ከጸናጽሉ ከከበሮው ቆርጠህ ከኪክ ስር ስታስገባው እነሱ ለምን እንደቆሙ ረስተኸዋል። መቅዳት ራሱ በአስተዳዳሪው ፈቃድ መሆን አለበት፣ ለምን እንደሆነም በግልፅ ተናግረህ።

ይበልጣል፦ በፈቃድ ከሆነስ?

ትርንጎ፦ በፈቃድ ከሆነ ቅዳው፣ ሳይቆረጥ አስቀምጠው፣ ተማርበት፣ ርዝመቱን አጥና፣ ከዛ ራስህ በሲንት የራስህን ስራ። ለቅሶም እንደዛው ነው፣ ሙሾ የምታወርድ እናት ሳምፕል፣ ተቆርጦ የሚወሰድ ድምፅ፣ አይደለችም።

ይበልጣል፦ በለቅሶው ካንቺ ጋር ነኝ፣ ጥያቄም የለው። በማኅሌቱ ግን ፈቃድ የሰጡ አባቶች ራሳቸው ተጠቀምበት ካሉኝ እጠቀማለሁ፣ እዚህ ላይ አንስማማም።

ትርንጎ፦ አንስማማም፣ ይሁን። ስለ አቀዳድ ሁለት ነገር በልና እንጨርስ።

ይበልጣል፦ ስልካችሁ ድምፅ መቅጃ ላይ ጥራቱን ዋቭ አድርጉት፣ ኤምፒስሪ አይሁን፣ ድምፁን ወፍራም አድርጋችሁ ዝቅ ስታደርጉት ወይ ስትዘረጉት ይበላሻል። ነፋስ ካለ ማይኩን በጨርቅ ሸፍኑት። የቡሄ ጅራፍ የምትቀዱ ልጆች፣ ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው እንደዛ የሚፈነዳው፣ ጌይኑን፣ ማይኩ ድምፅ የሚቀበልበትን መጠን፣ በጣም ቀንሱ ራቅም በሉ፣ ከቀናችሁ የሚያምር ስኔር ከበሮ ነው። ፋይሉ ላይ ደግሞ ቦታውንና ወሩን ፃፉ፣ የጢስ ዓባይ ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚጠለፍ በበጋ ሌላ ነው መስከረም ላይ ሌላ ነው፣ ወሩ ካልተፃፈ የትኛውን ውሃ እንደቀዳችሁ አታውቁትም። በሉ የሰራችሁትን ላኩልን፣ በሚቀጥለው የመጡትን እያስደመጥን እናወራለን።