የካርቦን ጄል ቀዳዳ የሚወሰነው ገና ሲበጠበጥ ነው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የካርቦን ጄልን፣ ማለትም በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላውን ካርቦን፣ አሠራር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሪሶርሲኖልና ፎርማልዴሃይድ የተባሉ ሁለት ኬሚካሎች ውሃ ውስጥ ይበጠበጣሉ። ጥቂት ሶዲየም ካርቦኔት በካታሊስትነት፣ ማለትም ምላሹን እንዲያፋጥን፣ ይጨመርበታል። ሲሞቅ ይረጋል። ከዚያ ይደርቅና ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ ይከስላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ፔካላ ይህን ጄል ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።

ስለ ካርቦን ጄል ሲወራ ግን ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ማድረቂያው ነው። ውድ ዕቃ ዓይን ይስባል መሰለኝ። በእኔ እምነት ትልቁ ውሳኔ ያኔ አልፏል።

ለምን? ጄሉ ጥቃቅን እንክብሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሠሩት መረብ ነው። ሰፋ ያሉት ቀዳዳዎች በእንክብሎቹ መካከል የሚቀሩት ክፍተቶች ናቸው። ካታሊስቱ ሲበዛ እንክብሎቹ በብዛት ይፈጠራሉ፤ ስለዚህ ያንሳሉ፣ ክፍተቱም ይጠባል። ሲቀንስ ጥቂት ሆነው ያድጋሉ፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ለአንድ ሞል ካታሊስት 50 ሞል ሪሶርሲኖል ሲሆን የእንክብሉ ስፋት ከ3 እስከ 5 ናኖሜትር ነው። 200 ሞል ሲሆን ከ11 እስከ 14 ይደርሳል። ውሃ ማብዛትም ቀዳዳውን ያሰፋል፣ ግን መረቡን ያደክመዋል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) በጣም ከወረደ ደግሞ መርጋቱ ይቀርና ዝቃጭ ይሆንባችኋል።

አሁን ወደ ማድረቂያው እንምጣ። ፈሳሹ ሲተን ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር ስበቱ ይበረታል። ውሃውን በአሴቶን ብትተኩት የገጽ ውጥረቱ፣ ማለትም የፈሳሹ ገጽ የሚስብበት ኃይል፣ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ውድ በሆነው ማድረቂያ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስና ከ73 አትሞስፌር በላይ ከያዛችሁት ደግሞ የፈሳሽና የጋዝ ድንበር ስለሚጠፋ ስበቱም አይኖርም። ቀዳዳው ሰፊ፣ መረቡም ጠንካራ ከሆነ ግን ተራ ምድጃ ውስጥ ደርቆም ብዙ ሳይኮማተር ይተርፋል። አያችሁ፣ ውድ ማድረቂያ ያስፈልግ እንደሆነ የሚነግራችሁ የመጀመሪያው ብልቃጥ ነው።

ሲከስል ጋዝ ይወጣና በእንክብሎቹ ውስጥ ከ2 ናኖሜትር የሚያንሱ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ። እነዚህን በካርቦን ዳይኦክሳይድ በማግበር፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት ካርቦኑን በከፊል በማስበላት፣ ማብዛት ይቻላል። ለሱፐርካፓሲተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለሚያከማች ዕቃ፣ ጠባቡም ሰፊውም ቀዳዳ ያስፈልጋሉ፤ ጠባቡ ቻርጅ ይይዛል፣ ሰፊው ለአዮኖቹ መንገድ ይሆናል።

አንድ ልመና አለኝ። ስትጽፉ የሪሶርሲኖልና የካታሊስቱን ምጣኔ ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ገበያ ላይ ያለው የፎርማልዴሃይድ ሟሟት ሜታኖልና ጥቂት ፎርሚክ አሲድ ይዞ ይመጣል። ምጣኔው አንድ ሆኖ ፒኤቹ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከመርጋቱ በፊት የለካችሁትን ፒኤች ጻፉልን።