በዘራችን የለም

እንደምን አላችሁ። ባለፈው ስለ ቱሉ ዲምቱ የውኃ ፈረቃ ሳማርር ሰምታችሁ የሳቃችሁብኝ ሁሉ፣ ዛሬ ውኃው አለ፤ የጠፋብኝ እንቅልፍ ነው።

የእህቴን ልጅ ለኦቲዝም ምርመራ ይዘን በሄድን ጊዜ ሐኪሟ በስሙ ሲጠሩት ይዞር እንደሆነ፣ የፈለገውን በጣቱ ያሳይ እንደሆነ እየጠየቀች ከመዘገበች በኋላ፣ «በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ነበር?» አለች። እህቴ አፏን ሳትከፍት እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ «በዘራችን የለም» ብላ መለሰች። ልጁ ወለሉ ላይ የውኃ ጠርሙስ ክዳኖችን ይደረድር ነበር፤ አንዱን እግሬ ቢያዛንፍበት፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ወደ ቦታው መለሰው።

እኔ ትዝ ያለኝ የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ነው። ወጡ ለብቻ፣ እንጀራው ለብቻ ካልቀረበለት አይበላም፤ ሠርግ ሲኖር ጓዳ ይቀመጣል፤ ለጠየቀ ሁሉ «ዓይነ አፋር ነው» ይባላል። ሳይመረመር ያለፈን ሰው ኦቲዝም ነበረበት ማለቴ አይደለም። ብቻ እኛ ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ ጋሼ ደግሞ አንድ ቤት እንኳ አይርቅም።

በአንድ ወቅት በሥነ ልቦና ጽሑፎቹ የታወቀውን ብሩኖ ቤተልሃይምን የመሳሰሉ ሰዎች የኦቲዝምን ጥፋት በእናት ፍቅር ማነስ ላይ ያላክኩ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጥንተው የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ሲያሳዩ፣ ያ ወቀሳ መሠረቱ ተናጋ። እኔ ይህን እንደ እፎይታ ነበር የማየው። ለእማዬ ግን እርግማን ቢሉት ይሻላት ይመስለኛል፤ እርግማን ከውጭ ይመጣል፣ ዘር ግን ከቤት ነው። ታናሿ እህታችን ገና አላገባችም፤ ይህንንም አስባ ይሆናል።

እህቴ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ታላቁ ኦቲዝም ካለበት፣ ከታናናሾች ከአምስቱ በአንዱ ገደማ እንደሚገኝ ጥናቶች ያሳያሉ፤ አራቱ ላይ ግን አይገኝም። ስለዚህ የሚወለደውን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በቅርበት መከታተል ይገባል። ይህ እንግዲህ ጋሼ ቢነሳም ባይነሳም የሚደረግ ነው፤ ታዲያ እኔን ምን ያንገበግበኛል?

ትናንት እማዬ ደውላ «ያቺ ሐኪም ጽፋው ይሆን?» አለችኝ። «ምኑን?» ስላት ስለ በርበሬ ዋጋ ጀመረች። ጋሼን ልታነሳ የፈለገች መሰለኝ፤ ወይም እንድታነሳው የምፈልገው እኔ ነኝ። እህቴ ለብቻዋ ሄዳ ልትናገር ትችላለች፤ ነገር ግን እማዬ በሌለችበት ስለ ወንድሟ መናገር ደግሞ... እንጃ፣ እርሱን ገና አልተነጋገርንበትም።