ወንበር ካያችሁ እንዳላየ እለፉ

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ። እዚህ ከተቀመጡት ግማሹ ለመቶ ማይል የተራራ ሩጫ የተመዘገበ ነው፤ ቀሪው ደግሞ "ይሄን ሰው ምን ነካው?" እያለ አጅቦ የመጣ ዘመድ ወዳጅ። ለሁለታችሁም የምለው አለኝ።

ሩጫ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ብዙዎቻችሁ ማራቶን ጨርሳችኋል፣ ከእኔ የምትፈጥኑም ሞልታችኋል። እኔ የማወራው ሩጫ ስላልሆነው ነገር ነው። ስለ መራመድ፣ ስለ መብላት፣ ስለ እግር ጣት፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ወንበር። መቶ ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

እስቲ ሂሳብ እንሥራ። ስመ ጥሩው የአሜሪካ ዌስተርን ስቴትስ ውድድር 30 ሰዓት ይሰጣል። ስታካፍሉት ለአንድ ኪሎ ሜትር ከ11 ደቂቃ ትንሽ በለጥ ይላል። ይሄ ሜዳ ላይ ቀልጠፍ ያለ እርምጃ ነው እንጂ ሩጫ አይባልም። ታዲያ ሰው እንዴት ሰዓት ያልፍበታል? ሰዓቱ ቆማችሁም ስለሚቆጥር ነዋ! መንገዱ ላይ ውሃና ምግብ የሚሰጥባቸው 20 ጣቢያዎች ቢኖሩና በየጣቢያው 10 ደቂቃ ብትፈጁ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሄደ። ዳገት አልወጣችሁበት፣ ወንዝ አልተሻገራችሁበት፣ እንዲሁ ሾርባ ስትጠጡና ካልሲ ስትፈልጉ በነነ። ስለዚህ ጣቢያው ከመታየቱ በፊት የምትፈልጉትን በአፋችሁ እየደጋገማችሁ ግቡ፦ ውሃ፣ ጄል (በትንሽ ከረጢት የሚመጣው ወፍራም የስኳር ምግብ)፣ ባትሪ። ተቀበሉና ውጡ። እየተራመዳችሁ ብሉ። ወንበር ካያችሁ ደግሞ እንዳላየ እለፉ። 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ የተቀመጠ ሰው ሲነሳ እግሩ የራሱ አይመስለውም፤ ብርድ ልብስ ከደረቡለትማ አለቀለት።

ይሄ ዌስተርን ስቴትስ የመጣው ከፈረስ ነው፣ ታውቃላችሁ? በካሊፎርኒያ ተራሮች 100 ማይልን በፈረስ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጨረስ ግልቢያ ነበረ፣ አሁንም አለ። ጎርዲ አይንስሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ፈረሱ አነከሰበትና አቋረጠ። በ1974 ያለ ፈረስ መጥቶ ከፈረሰኞቹ ጋር ተነሳ። በ23 ሰዓት ከ42 ደቂቃ በእግሩ ገባ። ዛሬም እዚያ ከ24 ሰዓት በታች ለገባ ሰው የሚሰጠው የብር የቀበቶ ዘለበት ነው፤ ከፈረሰኞቹ የተወረሰ ሽልማት። ከዚያ ወዲህ የመቶ ማይል ዓይነቱ በዝቷል። የሞንብላንን ተራራ ዞሮ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን የሚያቋርጠው ሩጫ ወደ 10,000 ሜትር የሚጠጋ ዳገት አለው፤ 46 ሰዓት ተኩል ይሰጣል። ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ሃርድሮክ 48 ሰዓት ይሰጣል፣ ከፍታው ግን ትንፋሽ ያሳጣል። መቶ ማይል ሁሉ አንድ አይደለም ለማለት ነው። የልምምድ ዕቅድ ከመፈለጋችሁ በፊት የራሳችሁን ውድድር ካርታ ቁጭ ብላችሁ እዩት።

ወደ ልምምዱ። ሳምንታዊ ኪሎ ሜትር የሚባለውን ቁጥር የምታመልኩ አላችሁ። ተዉት አልልም፣ ግን ቁጥሩ ብቻውን አያደርሳችሁም። በአንድ ልምምድ 161 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ መሮጥም የለበትም። ጥቅም ያለው ቅዳሜ ረጅም ሮጦ እሑድ በደከመ እግር እንደገና መውጣት ነው። እሑድ ጠዋት ደረጃ ስትወርዱ የሚሰማችሁ ነገር አለ አይደል? እሱን ይዛችሁ አራት ሰዓት መንቀሳቀስ ልመዱ።

ዳገት ላይ ተራመዱ። አትፈሩ፤ ማንም አይስቅባችሁም። ሞንብላን ላይ የሚያሸንፉት ሰዎች እንኳ ቀጥ ያለ ዳገት ሲገጥማቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ይራመዳሉ። ልዩነቱ እነሱ መራመድን የተለማመዱት መሆኑ ነው። እጅን ጭን ላይ አሳርፎ፣ እርምጃ አሳጥሮ፣ ሳይቆሙ አንድ ሰዓት መውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ለእሱ ብቻ ስጡት።

እኔ ግን የምፈራው ቁልቁለቱን ነው። ዌስተርን ስቴትስ ላይ ከሚወጣው የሚወረደው ይበልጣል፤ የሚወረደው 7,000 ሜትር ይደርሳል። ስትወርዱ የፊት ጭናችሁ ሰውነታችሁን በየእርምጃው ያቆማል። ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ውስጡ በጥቂት በጥቂቱ ይበጣጠሳል። መጀመሪያ ላይ አይታወቃችሁም፣ እንዲያውም እየበረራችሁ ሰው ትቀድማላችሁ። 120ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ትንሿን ቁልቁለት በጎን እንደ ሸርጣን ትወርዷታላችሁ። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ ይህን ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ ረጅም ቁልቁለት ሮጣችሁ ሲያማችሁ ከሰነበተ፣ የሚቀጥለው በጣም ይቀላል፣ ጥበቃውም ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ቁልቁለት ፈልጋችሁ ውረዱ፤ የመጨረሻውን ከውድድሩ ሦስት ሳምንት ግድም ቀደም ብላችሁ ጨርሱት። በመጨረሻው ሳምንት ማንንም ቁልቁለት ላይ እንዳላየው!

ሆድ። ሰው የሚያቋርጠው እግሩ ስለከዳው ብቻ ይመስለዋል። እግሩ ደህና ሆኖ ሆዱ አልቀበልም ብሎት የወጣ ሰው ግን ብዙ ነው። ሰውነታችን ውስጥ የሚከማቸው ስኳር 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው፣ መንገዱ ከ10,000 በላይ ይፈልጋል። ስብ ብዙውን ይሸፍናል፣ ያም ሆኖ በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መግባት አለበት። ይሄን ያልለመደ አንጀት በስድስተኛው ሰዓት ይመልሰዋል። ስለዚህ በረጅም ልምምድ ሁሉ በውድድሩ የምትበሉትን ብሉ፣ በዚያው ልክ። ማቅለሽለሽ ከመጣ ፍጥነት ቀንሱ። ስትሮጡ ደም ወደ እግርና ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ሆድ ሥራ ያቆማል፤ ሃያ ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ስትራመዱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቢያስመልሳችሁም ዓለም አልተገለበጠችም፤ አፋችሁን ተጉመጥመጡና በጥቂቱ እንደገና ጀምሩ።

ውሃ ደግሞ በጥማት ልክ። "ብዙ ጠጡ" የሚለው ምክር ለመቶ ማይል አደገኛ ነው። ከሚገባው በላይ ውሃ ሲጠጣ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፣ አንጎል ያብጣል፤ በዚህ የሞቱ ሯጮች አሉ። ጣታችሁ ካበጠ፣ ራሳችሁን ካመማችሁና ክብደት ከጨመራችሁ ውሃ አትጨምሩ፣ ለሐኪም ንገሩ። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የህመም ማስታገሻ አትዋጡ። በሩጫ የተጎዳ ጡንቻ የሚለቀውን ቆሻሻ የሚያጣራው ኩላሊት በዚያ ሰዓት ብዙ ሥራ አለበት፣ ሌላ ጫና አትጨምሩበት።

እግር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሰንፈው። ተረከዝ ወይም ጣት ላይ የሆነ ሙቀት ነገር ሲሰማችሁ ያ ገና ውሃ አልቋጠረም። አምስት ደቂቃ አላችሁ። "ጣቢያ ስደርስ አየዋለሁ" ካላችሁ ውሃ ይዞ ይጠብቃችኋል። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ በሉ፣ አዎ፣ ለዚህ ብቻ ፈቅጃለሁ። ጫማውን አውልቁ፣ አሸዋውን አራግፉ፣ ካልሲውን ገልብጡት። እግሩን በደንብ አድርቁ፤ ቫዝሊን ካለበት ጥረጉት፣ ቴፕ ቅባት ላይ አይዝም። ቴፑን ስትቆርጡ ጥጎቹን በመቀስ ክብ አድርጓቸው፤ ሹል ጥግ ካልሲው ይይዘውና ይላጣል። ሳትጎትቱ ለጥፉት፣ አንዲት ሽብሽብ እንዳትቀር በአውራ ጣት ዳብሱት፣ መዳፋችሁን ጭናችሁ አሙቁት። ካልሲውን ስትለብሱ ጠቅልላችሁ አስገቡት እንጂ አትጎትቱት። ጥፍር ከውድድሩ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ይቆረጣል፣ ይሞረዳልም። እግር ስለሚያብጥ ጫማችሁ ከለመዳችሁት ግማሽ ቁጥር ሰፋ ቢል ይሻላል።

ሌሊት። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ መጥፎ ነው። የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ እንቅልፉ በቁም ይጥላል፣ ባትሪው ከሚያበራት ክብ ውጭ ዓለም የለም። ጉቶው የተቀመጠ ሰው ይመስላችኋል። ኮርትኒ ዳውዋልተር፣ በ2023 ዌስተርን ስቴትስን፣ ሃርድሮክንና ሞንብላንን በአንድ ክረምት ያሸነፈችው ሴት፣ ሐማክ በሚባለው በዛፎች መሃል በሚንጠለጠል አልጋ ላይ የተጋደመ ነብር አይቻለሁ ብላለች። እሷ ካየች እናንተም ታያላችሁ፤ ሰላም በሉትና እለፉ። ካፌይን ከፈለጋችሁ ቀን አታባክኑት፣ ለዚህ ሰዓት አስቀምጡት። በጣም ከከበዳችሁ አሥር ደቂቃ መተኛት ተአምር ይሠራል፣ የሚቀሰቅስ ሰው ካለ ብቻ።

ዕቃ ላይ ክብደት እንቀንሳለን ብላችሁ ጃኬት የምትተዉ ልጆች አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። በ2021 ቻይና ጋንሱ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር የተራራ ውድድር ላይ ድንገት ነፋስና በረዶ መጣ፤ ብዙዎቹ በቁምጣና በቲሸርት ነበሩ። 21 ሯጮች ሞቱ። አንድ እረኛ ስድስቱን ወደ ዋሻ አስገብቶ እሳት አንድዶ አተረፋቸው። በቃ፣ በዚህ ላይ ሌላ አልጨምርም። ጃኬቱን ያዙ።

አሁን ለቤተሰብ። ጣቢያ ላይ ስትጠብቁት "እንዴት ነህ?" ብላችሁ አትጠይቁት። መልሱን ታውቁታላችሁ፣ ሞቷል። "ካለፈው ጣቢያ ወዲህ ምን በላህ? መቼ ሸናህ?" ብላችሁ ጠይቁ። አትዘኑለት፣ ፊታችሁ ላይ ሐዘን ካየ ለማቋረጥ ሰበብ አገኘ። ጠርሙሱን ሙሉለት፣ ባትሪውን ቀይሩለት፣ በጫንቃው ይዛችሁ ወደ መንገዱ አዙሩት። አብራችሁ የምትሮጡ ከሆነ ደግሞ ደንቡን ቀድማችሁ አንብቡ፤ ሞንብላን ላይ አጃቢ ሯጭ አይፈቀድም፣ ሌላ ቦታ ደግሞ የሯጩን ዕቃ መሸከም ያስቀጣል።

ማቋረጥ ያለበት ሰው ግን አለ። ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረ፣ የት እንዳለ የማያውቅ፣ እየተንቀጠቀጠ መሞቅ ያቃተው ሰው ያቁም፣ ክርክር የለውም። "ጨነቀኝ፣ ሰለቸኝ፣ ደከመኝ" የሚለው ደግሞ ይብላ፣ ቀጣዩ ጣቢያ ድረስ ይሂድ፣ እዚያ ደርሶ ይወስን። የሰዓት ገደቡ ካልጣለው በስተቀር ራሱን አይጣል። ጃስሚን ፓሪስ በ2024 ባርክሌይን፣ አሜሪካ ውስጥ ያለውን 60 ሰዓት የሚሰጥ እጅግ ከባድ የተራራ ውድድር፣ የጨረሰች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን 60 ሰዓቱ ሊሞላ የቀረው ሁለት ደቂቃ እንኳ አልነበረም።

የፊታችን ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሌሊት ልምምድ አለን። ቦርሳችሁን ልክ እንደ ውድድሩ ቀን ሞልታችሁ ኑ፣ ጃኬቱም ቴፑም ይኑር፣ ከፍቼ አያለሁ። አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። የትኛውን ጫማ ልግዛ የሚል ሰው ግን በመጨረሻ ይሰለፍ።