ድምጽ ቀንሶ ለሚሰማ ሰው ሚሆን ዉፈር

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ጅማ ነኝ፣ ዛሬ እንግዳ የለም ብቻዬን ነው ማወራው። ርእሱ ትንሽ ሳብዉፈር ነው፣ ቤዙን ማለት ወፍራሙን የታች ድምጽ ብቻ ሚያወጣ ስፒከር፣ ቤት ውስጥ ለሙዚቃ ሚሆን፣ ሶፋ ጎን ምትቀመጥ አይነት።

ዉፈር ሲባል እዚህ ቀድሞ ሚታሰበው ባጃጅ ነው አይደል፣ ከፈረንጅ አራዳ ወደ መርካቶ ስትሄዱ ወንበሩ ከስር ጀርባችሁን ሚደበድባችሁ፣ ወይ ደሞ ሰርግ። ስለዚ ዉፈር ልገዛ ነው ስትሉ የቤተሰብም ያከራይም ፊት ይቀየራል፣ ግቢውን ሊያምሰው ነው ይባላል። እኔ ደሞ ልክ በተቃራኒው ነው ማምነው፣ የትንሽ ዉፈር ትልቁ ጥቅም ድምጽ ቀንሶ ለመስማት ነው። ማታ ልጆች ሲተኙ፣ ጎረቤት ሲተኛ፣ ቀስ አድርጎ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ነው ይሄ እቃ ሚያስፈልገው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ጆሯችን ሁሉንም ድምጽ እኩል አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች ይሄንን ለክተው አሳተሙ፣ ከዛ ወዲህ ተሻሽሎ አለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆኗል። ሄርዝ ማለት ድምጹ በሰከንድ ስንቴ እንደሚርገበገብ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምጹ ይወፍራል፣ ዲሲብል ደሞ የጩኸት መለኪያ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ 1000 ሄርዝ የሆነ መሀለኛ ድምጽ በ40 ዲሲብል፣ ማለት በጣም ዝግ አድርጋችሁ ስትሰሙ፣ የ40 ሄርዝ ቤዝ ከሱ እኩል እንዲሰማችሁ ወደ 40 ዲሲብል ተጨማሪ ይፈልጋል። ያንን መሀለኛ ድምጽ 80 ዲሲብል ስታደርሱት ግን ልዩነቱ ወደ 25 ይወርዳል። በቃ ድምጽ ስትቀንሱ ቤዙ ቀድሞ ነው ጥሏችሁ ሚሄደው። ስለዚ ሰው ምን ያደርጋል፣ የጠፋውን ቤዝ ፍለጋ ሁሉንም ነገር ይጨምራል፣ ዘፋኙም ሳክስፎኑም ከበሮውም አብሮ ይጮሃል፣ ከዛ ነው በር ሚንኳኳው። ታች ያለውን ብቻ ለይታችሁ ከፍ ማድረግ ከቻላችሁ ግን ሌላውን ዝቅ አድርጋችሁ ሙዚቃው ሙሉ ሆኖ ይሰማችኋል።

እና ታች ምን አለ ለምትሉ፣ የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ሄርዝ አካባቢ ነው ምትጀምረው፣ ቀጣይዋ 55፣ ከዛ 73፣ ከዛ 98። ቤታችን ያሉት ትንንሽ ስፒከሮች ደሞ ብዙዎቹ 80 ወይ 100 ሄርዝ ላይ ሲደርሱ ይደክማሉ። ታድያ እንዴት ነው ስልክ ላይ ራሱ ቤዙን ምንሰማው ካላችሁ፣ ጭንቅላታችን ከላይ ካሉት ድምጾች ተነስቶ የጎደለውን ይገምታል። የዜማውን መንገድ ትከተላላችሁ፣ ክብደቱ ግን የለም። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ እዚሁ ጅማ ነው የተወለዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ለኔ እሳቸውን የወለደች ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ኢትዮ ጃዝን ያለ ቤዝ መስማት ይቆጨኛል፣ ከምሬ ነው። ቫይብራፎኑ፣ እሳቸው እየመቱ ሚጫወቱት የብረት መሳሪያ፣ ከላይ ሲጫወት ከስር ቤዙ አንዷን ሀረግ እየደጋገመ፣ እየደጋገመ ነው ሙሉ ባንዱን ሚሸከመው፣ እሷን ካልሰማችኋት ግማሹን ስራ አልሰማችሁም። የባህል ባንዶቻችን ውስጥም ቤዝ ክራር አለ፣ ከበሮውም በሰፊው ጎኑ ሲመታ ሚያወጣው ያ ድምጽ አለ፣ ስልክ ላይ ጣት ጠረጴዛ ሲመታ ነው ሚመስለው።

እሺ ወደ መግዛቱ። መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ የስፒከር ሳጥን ሰሪዎቹ የሆፍማን የብረት ህግ ሚሉት ነገር አለ፣ ትንሽ ሳጥን፣ ወደታች ሚወርድ ቤዝ፣ እና በትንሽ ፓወር ብዙ መጮህ፣ ከሶስቱ ሁለቱን ብቻ ነው ምታገኙት። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የሚባል አሜሪካዊ ከሄንሪ ክሎስ ጋር ሆኖ የታሸገ የስፒከር ሳጥን ይዞ መጣ፣ ሀሳቡ ሳጥኑ ውስጥ የታፈነው አየር ራሱ ለኮኑ፣ ለዛ ወደፊት ወደኋላ ሚንቀሳቀሰው የስፒከሩ ፊት፣ እንደ ስፕሪንግ ይሁን ነው፣ ከዛ በፊት ጥልቅ ቤዝ ሲባል ቁምሳጥን ሚያህል ነገር ነበር። ዛሬ ሱቅ ምታዩት ትንሽ ዝግ ዉፈር የዛ ልጅ ነው። ሶስተኛውን ነገር፣ መጮሁን፣ ትቷል፣ እኛ ደሞ እሱን አንፈልገውም፣ ለዛ ነው ምወደው። ሂሳቡን እዩት፣ ድምጽ በ10 ዲሲብል ስትቀንሱ ኮኑ መወዛወዝ ያለበት የበፊቱን አንድ ሶስተኛ ገደማ ብቻ ነው፣ ፓወሩ ደሞ አንድ አስረኛ። 8 ኢንች የሆነች ዉፈር ሰርግ ላይ ብትወስዷት ትታነቃለች፣ ሳሎን ውስጥ ቀስ ብላችሁ ስትሰሙባት ግን ዘና ብላ ነው ምትሰራው። በተቃራኒው አንድ ኦክታቭ ወደታች ልውረድ ስትሉ፣ ከ80 ወደ 40 እንበል፣ ለእኩል ጩኸት ኮኑ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት፣ ስለዚ 6 ኢንች ኮን ይዞ 20 ሄርዝ ድረስ ይወርዳል የሚል ካርቶን ካያችሁ በምን ያህል ድምጽ ብላችሁ ጠይቁ።

ካርቶን ካነሳን፣ ፒኤምፒኦ (PMPO) የሚለውን፣ ለማሻሻጥ ሚጻፈውን የፓወር ቁጥር፣ በፍጹም አትዩት። 2000 ዋት፣ 5000 ዋት ምናምን ይላል፣ ላንድ ቅጽበት እንኳን ሚለካበት የተስማማ መንገድ የለውም። አርኤምኤስ (RMS) የሚለውን፣ ሳያቋርጥ ሚያወጣውን ፓወር፣ ፈልጉ፣ እሱም ከሌለ ዞር አድርጋችሁ ከጀርባው ከመብራት ስንት ዋት እንደሚወስድ የተጻፈውን አንብቡ፣ 80 ዋት ሚወስድ እቃ 2000 ዋት ሊያወጣ አይችልም። ሻጩ፣ ወንድሜ ይሄ ቤት ያፈርሳል ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ እቃውን አንሱት፣ ከበድ ማለት አለበት፣ ጎኑን በጣት አጥፍ አንኳኩት፣ እንደ ባዶ ጣሳ ሚጮህ ከሆነ ተዉት። ጀርባው ላይ ዉፈሩ እስከ ስንት ሄርዝ ድረስ እንደሚጫወት ሚወስን ክሮስኦቨር ማዞሪያ፣ ኮኑ ከሌሎቹ ስፒከሮች ጋር አብሮ ወይ በተቃራኒው እንዲገፋ ሚያደርግ ፌዝ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ፣ እና ከተቻለ የስፒከር ሽቦ ሚቀበል መግቢያ ይኑረው፣ ምክንያቱም የድሮ ጂፓስ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ መውጫ የለውም፣ በዛ ነው ሚያገናኘው። ያገለገለ ከሆነ የኮኑን ዙሪያ ቀስ ብላችሁ በጣት ንኩ፣ ፎም ሆኖ ከተፈረፈረ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተዉት፣ ጎማ ከሆነ የኛን ርጥበት ይችላል። ቺፑድ ሳጥን እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ስፒከሩ ጤነኛ ሆኖ ሳጥኑ ብቻ ከተበላሸ ግን አትጣሉት፣ ጅማ እኮ የእንጨት ስራ ሀገር ነው፣ የውስጡን ስፋት ሳይቀይር በኤምዲኤፍ ሰርቶ መጋጠሚያውን አየር እንዳያሳልፍ አድርጎ ሚዘጋላችሁ አናጺ አይጠፋም።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቦታው። እዚህ ላይ ረጋ ልበል ምክንያቱም ብሩ ሳይሆን ይሄ ነው ሚለየው። የ40 ሄርዝ ድምጽ አንዷ ሞገድ ከ8 ሜትር ተኩል በላይ ነው ርዝመቷ። ሳሎናችሁ ደሞ 4 ሜትር በ3 ነው እንበል። 4 ሜትር ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምጽ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ራሱን ያባዛል፣ በ3 ሜትሩ በኩል ደሞ 57 አካባቢ። ምን ማለት ነው፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሁሉንም ኖታ እኩል እየመታ እናንተ ጋ አንዷ ትፈነዳለች ሌላዋ ትጠፋለች። ግድግዳ ተደግፋችሁ ብትቀመጡ ይጨናነቃል፣ ክፍሉ እኩሌታ ላይ ብትቀመጡ ያቺ 43ቷ ጭራሽ አትሰማም። ብሎኬት ቤት ይሄ ነገር ይብሳል፣ ሲሚንቶው ቤዙን ይመልሰዋል። ኮርኒስ ደሞ ትንሽ ያሳልፋል ትንሽ ይውጣል፣ አንዳንዴም ራሱ ይዘፍናል።

መፍትሄው ምንም ብር አይፈልግም። ዉፈሩን እናንተ ምትቀመጡበት ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ቤዙ ወደላይ ወደታች ሚመላለስ ሙዚቃ ክፈቱ፣ ከዛ ዝቅ ብላችሁ ግድግዳ ግድግዳውን እየተከተላችሁ ስሙ። ሁሉም ኖታ እኩል ሚሰማበት ቦታ ታገኛላችሁ፣ ዉፈሩ ማረፍ ያለበት እዛ ነው። ጥግ ብዙ ጊዜ በጣም ያጮኸዋል፣ ሰው ሚወደውም ለዛ ነው፣ ግን ጩኸትና ዜማ አንድ አይደሉም፣ ከጥጉ ትንሽ ሳብ ስታደርጉት ብቻ ነገሩ ይጠራል።

ቦታው ከተገኘ ክሮስኦቨሩን 80 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩና ወንድ ዜና አንባቢ ክፈቱ። የወንድ ድምጽ ብዙውን ጊዜ ከ85 ሄርዝ አካባቢ ወደላይ ነው፣ ስለዚ ሰውዬው ሲያነብ ዉፈሩ ዝም ማለት አለበት ማለት ይቻላል። በርሜል ውስጥ ሆኖ ሚያነብ ከመሰላችሁ ክሮስኦቨሩን ዝቅ አድርጉ። ከዛ ፌዙን ወዲህና ወዲያ እያደረጋችሁ፣ ሙዚቃ ላይ፣ መቀመጫችሁ ጋ ቤዙ ሞላ ብሎ ሚሰማበትን ያዙ። ድምጹን መጨረሻ ላይ ነው ምትነኩት፣ ዉፈሩ እዛ ጋ ነው ብላችሁ መጠቆም እስክትችሉ ጨምሩ፣ ከዛ መጠቆም እስኪያቅታችሁ ቀንሱ። ስታጠፉት ብቻ ሙዚቃው ከሳ ካለ ልክ ነው።

ሌላው ቤት ውስጥ ሚንቀጠቀጥ እቃ ነው። ስልክ ላይ ድምጽ ሚያመነጭ አፕ አለ በነጻ፣ ከ30 ሄርዝ እስከ 100 ቀስ እያላችሁ ውጡበት፣ የቡፌው መስታወት፣ ረከቦት ላይ ያሉት ሲኒዎች፣ የመስኮት መቆለፊያ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር ላይ ሲደርስ ይናገራል። ሲኒውን ማራቅ፣ መስታወቱ ስር ጨርቅ ማስገባት፣ በቃ። ብዙ ሰው ዉፈሩ ተቀደደ ብሎ ወደ ጥገና ይዞት ሚሮጠው ቡፌው እየጮኸበት ነው።

ስለ መብራት ባጭሩ። መብራታችን 50 ሄርዝ ነው፣ ስለዚ ኧኧኧ የሚል ማያቋርጥ እምምታ ከሰማችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው ወይ እጥፉ 100። ሁሉንም እቃ አንድ ዲቫይደር ላይ ሰኩት፣ የድምጹን ገመድ ከመብራት ገመድ አርቁት፣ የሶኬቱን መሬት እግር ግን እንዳትቆርጡ፣ እሱ ለህይወታችሁ ነው። መብራት ሲሄድ ንቀሉ፣ ሲመለስ ትንሽ ጠብቁ። እና ክረምት፣ እኛ ጋ መብረቁ ቀልድ የለውም፣ ደመናው ከከበደ ዉፈሩንም አንቴናውንም ንቀሉ፣ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ እየወረደ ለነገሩ ምንም አይሰማም።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ ቤዝ ከሌላው ድምጽ በላይ ግድግዳ ያልፋል፣ ቁጥር ብነግራችሁም ቤታችሁን አላውቀውም። ስለዚ ማታ ምትሰሙበት ድምጽ ላይ ከፍታችሁ ተዉትና ውጡ፣ ግቢው ውስጥ ቁሙ፣ ከተቻለ ከጎረቤት ቤት ውስጥ ሆናችሁ ስሙ። እኔ አከራዬ ቤት ሄጄ ቡና እየጠጣሁ፣ "እማማ፣ የኔ ሙዚቃ ይሰማዎታል?" አልኳቸው፣ "ኧረ ልጄ፣ ከፍተኸዋል እንዴ?" አሉኝ። እሳቸው ባይሉኝ ኖሮ ሌላ ቦታ እፈልግለት ነበር፣ አንድ ሰው እንቅልፍ አጥቶ እኔ ሙዚቃ ልሰማ አልፈልግም። ከስሩ ወፈር ያለ ፎም ወይ ጎማ ማድረግም ይረዳል፣ በተለይ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ፣ በወለሉ በኩል ሚሄደውን ይቀንሳል፣ በአየር ሚሄደውን ግን አይነካውም።

በሚቀጥለው ስለ ሁለት ዉፈር እናወራለን፣ አንድ ትልቅ ከመግዛት ሁለት ትንንሽ በተለያየ ቦታ ማስቀመጥ ያንን ሚፈነዳና ሚጠፋ ኖታ እንዴት እንደሚያስተካክለው። እስከዛ የክፍላችሁን ርዝመትና ወርድ በሜትር፣ ብሎኬት ይሁን ጭቃ ቤት፣ የት እንደምትቀመጡ፣ ጻፉልኝ፣ ከናንተ ክፍሎች የተወሰኑትን ይዤ ነው ሂሳቡን ምሰራው። ቻው።